ክሪስታል በላፕቶፕ ማብቀል፦ የአራት ወር የሥራ ማስታወሻ ከጂማ

ሚያዝያ 6

ሥራው ይሄ ነው። ስስ የክሪስታል ፊልም በሌላ ክሪስታል ላይ ሲያድግ በኮምፒውተር ማሳየት። እያንዳንዱን አቶም ሳላሳድድ፣ ግን አቶሞቹ እየታዩ። ቫክዩም ቻምበር የለኝም፣ ማይክሮስኮፕም የለኝም። ያለኝ ባትሪው የሞተ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው። አራት ኮር፣ 8 ጊጋ ራም፣ ፓይተንና ነምፓይ (የፕሮግራም ቋንቋውና የቁጥር ማስያ ጥቅሉ)። ሄርማታ ሰፈር በተከራየኋት አንድ ክፍል፣ መስኮት ሥር ተቀምጧል።

አቶሞቹን አንድ በአንድ የሚከታተለው ሞለኪውላር ዳይናሚክስ ለዚህ አይሆንም። አንድ እርምጃው 1 ፌምቶ ሰከንድ ገደማ ነው። በሞለኪውላር ቢም ኤፒታክሲ (በቫክዩም ውስጥ አቶም እያዘነቡ ፊልም ማብቀል) አንድ ንብርብር አቶም ለመንጠፍ ደግሞ አንድ ሰከንድ አካባቢ ይፈጃል። ለአንድ ንብርብር 1 ከነ15 ዜሮው እርምጃ ያስፈልጋል ማለት ነው። በኔ ላፕቶፕ የልጅ ልጄም አይደርስበት። ስለዚህ ኮንቲነም፦ አቶሞቹን ትቶ አንድ ወጥ መስክ መያዝ፣ መስኩን በቀመር ማራመድ።

ሚያዝያ 10

ከቀላሉ ጀመርኩ። ሙሊንስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ቀመር። ወለሉ የከፍታ መስመር ነው። አቶሞች በወለሉ ላይ እየተንከራተቱ ከጉብታ ወደ ጎድጓዳ ይሄዳሉ። የከፍታው ለውጥ በጊዜ የአራተኛው የቦታ ዴሪቬቲቭ (የለውጥ ልክ) ኔጌቲቭ ነው፣ በአንድ ቋሚ ተባዝቶ። በቃ። አራተኛ ዴሪቬቲቭ ስለሆነ አንድ ባሕርይ አለው፦ የሞገዱ ርዝመት እጥፍ ሲሆን ለመጥፋት 16 ጊዜ ይዘገያል። ይሄን ለመፈተኛ ያዝኩት።

ዲኤክስ (በሁለት ነጥብ መካከል ያለው ርቀት) 1፣ ቋሚው 1፣ ዲቲ (የአንድ እርምጃ ጊዜ) 0.13። አንድ ንጹሕ ሳይን ሞገድ አስገባሁና ለቀቅኩት። መጀመሪያ ጨዋ ነበር። 500 እርምጃ ገደማ ሲደርስ መስመሩ መጋዝ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ ቁጥሮቹ ስክሪኑን ሞሉት።

ወረቀት ላይ ሳሰላው የዲቲ ገደቡ የዲኤክስ አራተኛ ፓወር ሲካፈል ለ8 ነው፣ ማለትም 0.125። በ0.005 ብቻ ነው ያለፍኩት። ያቺ ትርፍ በየእርምጃው ስህተቱን በ1.08 ታባዛለች፤ ከኮምፒውተሩ የማጠጋጋት ስህተት ተነስታ 500 እርምጃ ውስጥ ሁሉን ትበላለች። ዲኤክስን በግማሽ ብቀንስ ደግሞ የሚፈቀደው ዲቲ በ16 ያንሳል። ይሄ ነገር ወደ ፊት እንደሚያስለቅሰኝ ያኔውኑ ገብቶኛል።

ዲቲ 0.1 አድርጌ ርዝመቱ 32 የሆነውን ሞገድ ርዝመቱ 64 ከሆነው ጋር አወዳደርኩ። የመጥፋት ፍጥነታቸው ጥምርታ 15.92 ሆነ። የጎደለችው 0.08 የግሪዱ (የነጥቦቹ መረብ) ናት፤ ግሪድ ላይ ያለ ዴሪቬቲቭ አጭሩን ሞገድ በጥቂቱ ያጎድለዋል። በእጄ ሳሰላውም 15.92 መጣልኝ። እዚህ ላይ ሻይ ጠጣሁ።

ሚያዝያ 19

ኖይዝ ጨመርኩ። የሚዘንቡ አቶሞች በሥርዓት አይወርዱም፤ አንዱ ቦታ ሁለት፣ አንዱ ቦታ ባዶ። ወለሉ በጊዜ ይሻክራል። ለዚህ ቀመር በአንድ ዳይሜንሽን ሻካራነቱ በጊዜ ፓወር 3/8 ማደግ አለበት።

የኔ ሻካራነት ግን ዲቲን በቀየርኩ ቁጥር ይቀየራል። በግማሽ ስቀንሰው በ1.4 ጊዜ ወረደ። ፊዚክስ እንዲህ አይሠራም። ሁለት ቀን ኮዱ ላይ ሳፈጥ ቆየሁ። ጥፋቱ አንዲት መስመር ነበረች፦ ኖይዙን በዲቲ አባዝቻለሁ፤ መባዛት የነበረበት በዲቲ ስኩዌር ሩት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ኖይዝ ሲደመር እርስ በርሱ ይጣፋል፤ አራት እጥፍ ብትሰበስብ ሁለት እጥፍ ብቻ ነው የሚቀርህ። 1.4 ራሷ የሁለት ስኩዌር ሩት ናት፤ መልሱ ፊቴ ነበር።

አስተካክዬ 200 ጊዜ አስሮጥኩና አማካይ ወሰድኩ። 0.37። ለ0.375 በቂ ነው።

ሚያዝያ 27

አንድ ነገር ከነከነኝ። ይሄ ቀመር አቶም አያውቅም። መስመር ነው የሚያውቀው። ላቲስ (የአቶሞቹ ሥርዓታዊ ድርድር) የለም፣ ውጥረት የለም፣ ዲስሎኬሽን (ረድፍ መሃል ላይ የሚቋረጥበት ጉድለት) የለም። እኔ ማየት የምፈልገው ፊልሙ ከሥሩ ካለው ክሪስታል ጋር ልኩ አልገጥም ሲለው የሚሆነውን ነው። ለዛ የከፍታ መስመር አይበቃም።

ኤልደር፣ ካታኮቭስኪ፣ ሃታያ እና ግራንት እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጡት ሞዴል አለ፤ ፌዝ ፊልድ ክሪስታል ይባላል። መስኩ ፕሳይ ነው፤ ጥግግት በለው። ፈሳሽ ውስጥ ፕሳይ ሜዳ ነው። ክሪስታል ውስጥ በየተወሰነ ርቀት ጉብ ጉብ ይላል። አንዱ ጉብታ አንድ አቶም ነው። ንዝረቱ በአማካይ ተሰርዟል፤ ፌምቶ ሰከንዱም አብሮት ሄዷል። የቀረው ዝግተኛው የስርጭት ጊዜ ነው፤ ለፊልም እድገት የምንፈልገውም እሱን ነው። ኮንቲነም ሆኖ አቶም ያሳያል። እዚሁ ላይ ተለጠፍኩ።

ቀመሩ በቃል፦ የፕሳይ ለውጥ በጊዜ የኬሚካል ፖቴንሻሉ (ፕሳይን የሚገፋው) ላፕላሲያን (በየአቅጣጫው ያለው ሁለተኛ ዴሪቬቲቭ ድምር) ነው። ኬሚካል ፖቴንሻሉ ሦስት ቁራጭ አለው። አር ሲባዛ በፕሳይ፤ "አንድ ሲደመር ላፕላሲያን" ሁለት ጊዜ ፕሳይ ላይ ሲሠራ፤ እና ፕሳይ ኩብ። አር የሙቀት ቦታ ይይዛል፤ ወደ ኔጌቲቭ በወረደ ቁጥር ክሪስታሉ ይጠነክራል። ሲደመር ስድስተኛ ዴሪቬቲቭ ነው። አራተኛው ያደረገኝን አልረሳሁም።

ግንቦት 3

አር -0.25፣ የፕሳይ አማካይ -0.285፣ ግሪድ 512 በ512፣ ዲኤክስ ፓይ ሲካፈል ለ4፣ ማለትም 0.785። ዲቲ 0.01። ገና ሳይጀምር ናን ("ቁጥር አይደለም" ማለት ነው)። ስክሪኑ ሙሉ ናን፣ ናን፣ ናን።

ሒሳቡ ዲቲ ከ0.001 ብዙ መብለጥ እንደሌለበት ይናገራል። በሞዴሉ ሰዓት 1000 ለመድረስ አንድ ሚሊዮን እርምጃ። እኔ ደግሞ በአሥር ሺዎች ነው የምፈልገው።

መውጫው ወደ ፉሪየር መሄድ ነው፤ መስኩን እንደ ሞገዶች ድምር መያዝ። እዚያ ዴሪቬቲቭ ማባዛት ብቻ ነው። ቀጥተኛውን ክፍል በአዲሱ ጊዜ ታሰላዋለህ፤ ኩቡን በአሮጌው። በየእርምጃው ሁለት ኤፍኤፍቲ (ፈጣን የፉሪየር ልወጣ) ትከፍልና ዲቲ 0.1 ይሆንልሃል። መቶ እጥፍ ማለት ነው።

ግንቦት 9

መሃል ላይ ክብ የክሪስታል ዘር አስቀመጥኩ። ማደግ ነበረበት። ቀለጠ። አሁንም ሞከርኩ፤ ቀለጠ። ዘሩን አተለቅኩት፤ እሱም ቀስ ብሎ ቀለጠ። በመጨረሻ ስክሪኑ እንደ ተወለወለ ምጣድ ለጥ አለ።

አር ላይ ተጫወትኩ፣ አማካዩ ላይ ተጫወትኩ። አራት ቀን። አምስተኛው ቀን የሞገድ ቁጥሮቹን ዝርዝር አሳትሜ ትልቁን አየሁት። 4 መሆን ሲገባው 0.64 ይላል። ነምፓይ ድግግሞሽን የሚሰጠው በዙር ነው፣ በራዲያን አይደለም። በሁለት ፓይ ማባዛት ነበረብኝ። ሞዴሉ ክሪስታል የሚወደው የሞገድ ቁጥር 1 አጠገብ ነው፤ የኔ ግሪድ እዚያ አይደርስም ነበር። ለዘሩ የሚበቅልበት መሬት አልሰጠሁትም።

ሁለት ፓይ ጨመርኩ። ዘሩ ያዘ። ባለ ስድስት ጎን ሆኖ ዙሪያውን ረድፍ በረድፍ ሲጨምር እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር። ጮቤ ረገጥኩ ብል አላጋነንኩም።

ግንቦት 15

አከራዬ እትዬ ጠዋት በር ላይ ያዙኝ።

"ልጄ፣ ሌሊት ሌሊት የሚያጓራው ምን ሆኖ ነው?"

"ክሪስታል እያበቀልኩ ነው እትዬ።"

"ክሪስታል? ብርጭቆውን?"

"እሱን ሳይሆን... ኮምፒውተር ላይ ነው፤ በሥዕል።"

"ይሸጣል?"

"አይሸጥም።"

"ታዲያ መብራቱን ማን ይከፍላል?"

በወር 200 ብር ልጨምር ተስማማን። የሚያጓራው የላፕቶፑ ፋን ነው። ከፍቼ አቧራውን አወጣሁ፣ ሙቀት አስተላላፊ ፔስቱን ቀየርኩ፤ ፔስቱ 350 ብር። ከ94 ዲግሪ ወደ 78 ወረደ፤ አንድ እርምጃ የሚፈጀው ጊዜም በሲሶ አጠረ። ለካ ሲግል ራሱን እያዘገመ ነበር።

ግንቦት 22

ዛሬ ሳጥኑን ከዳር እስከ ዳር በክሪስታል ሞላሁትና ለረጅም ጊዜ ለቀቅኩት። ፍጹም ጸጥ ያለ ላቲስ ጠብቄ ነበር። አልሆነም። ጉልበቱ ከሚጠበቀው በትንሹ ከፍ ብሎ ቀረ። ፈሳሽ በሚነካው ወለል ላይ ሳስሮጠው ደግሞ ወለሉ ቀስ ብሎ ተሞገደ።

ደስታዬ ወሰን አጣ። ምክንያቱም እንዲህ ያለ ነገር በእውን አለ። የተወጠረ ክሪስታል ወለሉን በማሞገድ ውጥረቱን ያቃልላል። አሳሮና ቲለር እ.ኤ.አ. በ1972፣ ግሪንፌልድ በ1986 ያሳዩት ነው። ገና ሰብስትሬት (ከፊልሙ ሥር ያለውን ክሪስታል) እንኳ ሳላስገባ አገኘሁት አልኩ። ለአማካሪዬ ሥዕል ላክሁ። የመጣልኝ መልስ አንድ መስመር ነው፦ "ውጥረቱ ከየት መጣ?"

እውነትም ከየት መጣ? ምንም ነገር አልወጠርኩም።

ግንቦት 24

ሥዕሉን ማተሚያ ቤት ወስጄ በኤ3 አሳተምኩ፤ 60 ብር። አንድ ረድፍ መርጬ አቶሞቹን በእስክሪብቶ ቆጠርኩ። 56። ደግሜ ስቆጥር 55። የእትዬ የልጅ ልጅ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ አጠገቤ ቁጭ ብላ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ወረቀቱን ሰጠኋት። በየአሥሩ ጭረት እያደረገች ሄደች። እኔ ጭረቱን አላሰብኩትም ነበር።

"ጋሼ፣ 55 ነው። የመጀመሪያውና የመጨረሻው አንድ ናቸው፤ ሁለቴ ቆጥረሃቸው ነው።"

ትክክል ናት። ሳጥኑ ዙሪያ ገጠም ስለሆነ የግራው ዳርና የቀኙ ዳር አንድ ነው።

አሁን ሒሳቡ። የሳጥኑ ስፋት 512 ሲባዛ በ0.785፣ ማለትም 402.12። ይሄ ላቲስ በራሱ ፈቃድ ሲያርፍ በአቶሞቹ መካከል ያለው ርቀት 4 ፓይ ሲካፈል ለ3 ስኩዌር ሩት ነው፤ 7.255። 402.12ን ለ7.255 ስታካፍል 55.4። ግማሽ አቶም ደግሞ የለም። ክሪስታሉ 55 አቶም ይዞ የቀረውን ቦታ ለመሙላት ተለጠጠ፤ እያንዳንዱ 7.311 ሆነ። 0.8 ከመቶ ልጠጣ። ውጥረቱ የመጣው ከኔ ሳጥን ነው። 512 ለኤፍኤፍቲ ይመቻል ብዬ መርጬ፣ ክሪስታሉን ግራና ቀኝ ይዤ እየሳብኩት ነበር።

ኩም አልኩ። የሳጥን ቁጥር ሒሳብ ማቅለያ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሞዴሉ ውስጥ ያለ ዕቃ ነው። ለልጅቷ የቸኮሌት ብስኩት፣ 40 ብር።

ግንቦት 26

አዲሱ ሳጥን ከአቶም ተነስቶ ተሰፋ። በአግድም 64 አቶም፣ ለያንዳንዱ 8 ነጥብ፤ 512 ነጥብ፣ ዲኤክስ 0.9069። በቁመት ሁለት ረድፍ 4 ፓይ ይፈጃል፤ ለሁለት ረድፍ 14 ነጥብ ሰጠሁና 72 ረድፍ አደረግኩ፤ 504 ነጥብ። 504 ወደ 2፣ 3 እና 7 ስለሚበተን ኤፍኤፍቲው አይቆጣም። ክሪስታሉ አረፈ። ጉልበቱም ወረደ። ወለሉ ሜዳ ሆነ። የግሪንፌልድ ሞገዴም በዚያው ውሃ በላው።

ሰኔ 5

ክረምቱ ገባ። ጂማ ሲዘንብ ዝም ብሎ አይዘንብም፤ ቆርቆሮው ላይ ያለው ድምፅ ከፋኑ ይበልጣል። መብራት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይሄዳል። ባትሪ ስለሌለኝ ሁሉ ነገር አብሮ ይሄዳል።

በየ2000 እርምጃው ፋይል እንዲያስቀምጥ አድርጌ ነበር። በቂ መሰለኝ። ማክሰኞ ሌሊት ግን መብራቱ የሄደው ልክ ፋይሉ ሲጻፍ ነው። ያለኝ አንድ ፋይል ተበላሸ። የ11 ሰዓት ሥራ አፈር በላ።

አሁን እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ይጻፋል፣ ሲያልቅ ብቻ ስሙ ይቀየራል። ሁለት ፋይሎች ተራ በተራ። አንዱ ቢሞት ሌላው አለ። ያገለገለ ዩፒኤስም ገዛሁ፣ 4200 ብር። 12 ደቂቃ ይይዛል ተብሎ 5 ደቂቃ ነው የያዘው። ሻጩ "ሲለምድ ይጨምራል" አለኝ። ባትሪ ሲለምድ ያየ ሰው ይንገረኝ። ግን 5 ደቂቃም ፋይል ለማስቀመጥ ትበቃለች።

ሰኔ 14

ሰብስትሬት። መሃል ላይ 12 ረድፍ ያህል ቸነከርኩ፤ ማለትም ጉልበቱ ላይ በየተወሰነ ርቀት የሚደጋገም ፖቴንሻል ጨመርኩ። ፊልሙ 64 አቶም የሚፈልግበት ስፋት ላይ ሰብስትሬቱ 62 ብቻ እንዲኖረው አደረግኩ። የአለመግጠሙ ልክ 3.2 ከመቶ። ለማነጻጸር፦ የሲሊከን ላቲስ 5.431 አንግስትሮም፣ የጀርማኒየም 5.658፤ 4.2 ከመቶ ይሆናል። እነሱ ላይ ፊልሙ ይጨመቃል፤ የኔ ላይ ይለጠጣል። በጥንታዊው የአሳሮ፣ የቲለርና የግሪንፌልድ ቀመር ልኩ ካሬ ሆኖ ስለሚገባ ምልክቱ አይታይም።

ፊልሙ ወደ ላይ እንዲያድግ ነበር ያሰብኩት። ወደ ታችም አደገ። ዙሪያ ገጠም ሳጥን ውስጥ ሰብስትሬት ሁለት ፊት አለው፤ ይሄን አላሰብኩም። ታችኛውን ፊት ለመዝጋት ግድግዳ ልሠራ ጀመርኩና ተውኩት። ሁለት ፊልም በአንድ ዋጋ። አንዱ ያሳየውን ሌላው ካላሳየ ኖይዝ ነው ማለት ነው፤ ምስክር አገኘሁ።

ሰኔ 20

ሌላ ችግር። ፊልሙ ሳይደርስ ፈሳሹ ራሱ ረጋ። እዚህም እዚያም ትንንሽ ክሪስታል፣ እያንዳንዱ በፈለገው አቅጣጫ ዞሮ። ማሰሮ ውስጥ የቆየ ማር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱን ነው። ፊልም ሳይሆን የረጋ ማር አመረትኩ።

ይሄኛው ኮድ ስህተት አልነበረም። በአር -0.25 ፈሳሹ መጽናት የሚችለው አማካዩ ከ-0.2887 ሲያንስ ነው፤ ይሄ የ0.25 ሲሶ ስኩዌር ሩት ነው። የኔ -0.285 ከመስመሩ በአራት ሺኛ ወዲህ ቀርቷል። ትንሽ ኖይዝ ከነካው በራሱ ይረጋል። ዘሩን ሳበቅል ኖይዝ ስላልነበረው ዕድለኛ ነበርኩ። አማካዩን -0.31 አደረግኩ፤ ፈሳሹ ጸጥ አለ።

ሰኔ 28

አሁን ደግሞ ፊልሙ መሃል መንገድ ላይ ቆመ። መጀመሪያ ፈጠነ፣ ቀስ አለ፣ ቆመ። ክሪስታሉ ከፈሳሹ ይጠቀጠቃል፤ ሲያድግ ከአጠገቡ ይወስዳል። ጠቅላላው ፕሳይ ደግሞ አይጨምርም አይቀንስም። ፈሳሹ ተራቆተ። ሳጥኑ ዳር ላይ፣ ከሁለቱም ፊልም ርቆ፣ አንድ ሰቅ ፈሳሽ አለ። እዚያ በየእርምጃው ፕሳይን ወደ -0.30 መለስኩት። እንደ ምግብ ማቅረቢያ። ፊልሙ ቀጠለ።

አንድ ነገር በግልጽ ልጻፍ፦ ይሄ ከፈሳሽ የሚያድግ ፊልም ነው። ይሄ ሞዴል ጠጣርና ፈሳሽ ያውቃል፤ ባዶ ቦታ አያውቅም። መጀመሪያ ያነሳሁት የሞለኪውላር ቢም ጉዳይ ሌላ ሥራ ነው። በቫክዩም ያደገ ፊልም ነው ብዬ ማንንም አላታልልም።

ሐምሌ 11

መጣ! ስምንት ረድፍ ገደማ ላይ የፊልሙ ወለል መጉበጥ ጀመረ። ሁለት ጉብታ፣ ሁለት ሸለቆ። የታችኛው ፊልምም እንዲሁ ሁለት። ጉብታው ጫፍ ላይ ያሉት አቶሞች ወደ ጎን ስለሚላወሱ ተንፈስ ይላሉ። ሸለቆው ውስጥ ያሉት ግን ጭነቱን ሁሉ ይሸከማሉ። ከዚያ ሸለቆው ይጠልቃል፣ ይሾላል፣ መጨረሻ ላይ አንድ አቶም ተሰክቶ ይገባል። ዲስሎኬሽን!

በዓይን መቁጠር ይብቃ ብዬ ዴላውኔ ትሪያንጉሌሽን (አቶሞቹን በሦስት ማዕዘን አያይዞ ጎረቤታቸውን የሚለይ ዘዴ) አስገባሁ። በዚህ ላቲስ ጤነኛ አቶም ስድስት ጎረቤት አለው። አምስትና ሰባት ጎን ለጎን ከታዩ እዚያ ዲስሎኬሽን አለ። አምስቱን ቀይ፣ ሰባቱን ሰማያዊ ቀባሁ። ሰብስትሬቱ 62፣ ፊልሙ የሚፈልገው 64፤ ሙሉ በሙሉ ለማረፍ በትክክል ሁለት ዲስሎኬሽን ይበቃዋል። ሁለት ጥንድ አገኘሁ፣ በየሸለቆው አንዳንድ። ከላያቸው ያለው ረድፍ ሲቆጠር 64።

እንዲህ ልክ ሲገጥም ደስ ይላል። ደስ ሲለኝ ደግሞ ከግንቦት ወዲህ መፍራት ለምጃለሁ።

ሐምሌ 18

ሁለት ሸለቆ የክሪስታሉ ምርጫ ነው ወይስ የሳጥኑ? ሳጥን ውስጥ ሞገድ በሙሉ ቁጥር ብቻ ነው የሚገባው። 464 ስፋት ላይ አንድ ሞገድ ይገባል ወይም ሁለት። አንድ ተኩል የለም።

መጀመሪያ በርካሹ ሞከርኩ። ሰብስትሬቱን 63 አደረግኩት፤ ልኩ ወደ 1.6 ከመቶ ወረደ። ወለሉ ሜዳ ሆኖ ቀረ። ከሁለት ወር በፊት ቢሆን "ከዚህ በታች አይሞገድም" ብዬ እጽፍ ነበር። ግን በጥንታዊው ሕግ ልኩ በግማሽ ሲያንስ የሞገዱ ርዝመት አራት እጥፍ ይሆናል። አራት እጥፉ እኔ ሳጥን ውስጥ አይገባም። ሜዳ የሆነው ስለማይሞገድ ላይሆን ይችላል፤ ቦታ አጥቶም ሊሆን ይችላል። ይሄ ሙከራ ምንም አልነገረኝም።

ስለዚህ ሳጥኑን በእጥፍ ማስፋት። 1024 በ504፣ ሰብስትሬት 124፣ ፊልም 128። ልኩ ያው 3.2። ሞገዱ የክሪስታሉ ከሆነ አራት ሸለቆ መታየት አለበት።

ሐምሌ 30

አንድ ሩጫ አምስት ቀን ፈጀ። ንጹሕ የሥራ ሰዓቱ ከ30 አይበልጥም፤ የቀረው መብራት መጠበቅ ነው። ፋይሎቹ ዘጠኝ ጊዜ ታደጉኝ። ዩፒኤሱ እስካሁን አልለመደም፤ ወደ 4 ደቂቃ ወርዷል።

ውጤቱ፦ ሦስት ሸለቆ።

አራት አይደለም። ሁለቱም ፊልሞች ላይ ሦስት። የክሪስታሉ የራሱ ሞገድ 310 አካባቢ ነው ማለት ነው፤ ከ265 እስከ 370 የትኛውም ሊሆን ይችላል፣ ሦስት የሚሰጠው ያ ክልል ነውና። ትንሿ ሳጥን ውስጥ 464ም 232ም ልኩ አልነበሩም፤ ከሁለት የማይመች አንዱን ወሰደ። ሐምሌ 11 "ልክ ገጠመ" ያልኩት በሸለቆ አንድ ዲስሎኬሽንም ሳጥኑ የሠራው አጋጣሚ ነው። የዲስሎኬሽኖቹ ድምር ትክክል ነው፣ እሱ ከላቲሱ ቆጠራ ይመጣል። አንድ ለአንድ መደርደራቸው ግን የኔ ሳጥን ሥራ ነበር።

ለአማካሪዬ ሁለቱንም ሥዕል ጎን ለጎን ላክሁ። መልሱ፦ "አራት እጥፍስ?"

ነሐሴ 4

እስካሁን የወጣ፦ ፔስት 350፣ ዩፒኤስ 4200፣ ሕትመት ሦስት ጊዜ 180፣ ለእትዬ የመብራት የሦስት ወር 600፣ ብስኩት 40። 5370 ብር። ላፕቶፑን አልቆጠርኩም፤ እሱ የድሮ ኃጢአት ነው።

አራት እጥፉ 2048 በ504 ነው። ራም ችግር የለውም፤ አንድ መስክ 8 ሜጋ ብቻ ነው። ችግሩ ሰዓት ነው። ዲቲን 0.1 ከማድረግ 0.2 ላድርግ ብዬ በትንሿ ሳጥን ሞከርኩ፤ ጉልበቱ መውረዱን አላቆመም፣ ግን የመጀመሪያዋ ዲስሎኬሽን የገባችበት ሰዓት ተንሸራተተ። 0.1 ላይ ቆየሁ።

ነሐሴ 9

በእጥፉ ሳጥን ያለውን ሩጫ አላቆምኩትም፣ ማታ ማታ እየቀጠለ ነው። 128 ከ124 ጋር ለመታረቅ በየፊልሙ አራት ዲስሎኬሽን ያስፈልጋል። ሸለቆው ሦስት ነው። አራተኛው በየት እንደሚገባ ማየት ፈልጌ ነው።

ትናንት ማታ መብራት ከመሄዱ በፊት የተቀመጠውን ፋይል ከፈትኩ። ቀይና ሰማያዊ ጥንዶቹን ልጅቷ ቆጠረቻቸው፣ በጭረት ሳይሆን በጣቷ። ላይ ሦስት፣ ታች ሦስት። ከሦስተኛው ሸለቆ በስተቀኝ ያለው ጉብታ ሥር ረድፉ ትንሽ ጎብጧል፤ ጎረቤቶቹ ግን አሁንም ስድስት ስድስት ናቸው።